11.3 ሚሊ፦ ጎፋ ስላለው አንድ የሲኤንሲ ቤት

ስልኬ ላይ የገባው መልእክት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ «11.3»። የላከው ጎፋ ያለው የሲኤንሲ ቤት፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ያለው ወርክሾፕ፣ ኦፕሬተር ነው። ያን ቀን ጠዋት ከመርካቶ የገዛሁትን ኮምፐንሳቶ በአይሱዙ ልኬላቸው ነበር። ልጁ እያራገፈ ካሊፐሩን አውጥቶ ለክቷል። ነጋዴው «12 ሚሊ» ብሎ የሸጠልኝ እንጨት 12 እንዳልሆነ ያወቅኩት ገና አንዱም ሳይቆረጥ ነው። 10 ዓመት በውስጥ ዲዛይን ስሠራ፣ ሳልጠይቀው እንዲህ ያደረገልኝ ቤት አልገጠመኝም ነበር።

የቤቱን ስም አልጽፍም። ልጻፍ ወይ ብዬ ባለቤቱን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሦስት ሰው ነን፣ ማሽናችንም አንድ ነው። የያዝነውን በወጉ እንሥራ» አሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። ሥራቸውን ሳልናገር ማለፍ ግን አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ቤት ምን እንደሚመስል ያወቀ ሰው፣ በየሰፈሩ ያሉትን ሌሎቹንም ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ቤቱ ከጎፋ ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ አጥር የተከለለ ግቢ ነው። ማሽኑ በአልጋው ላይ አንድ ሙሉ ኮምፐንሳቶ፣ ማለትም 1.22 በ2.44 ሜትር፣ ይይዛል። የሚሄደው በሦስት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች። ቻይና ሠራሽ ነው፤ እንደሱ ያለ ማሽን አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ቤት አይቻለሁ። እንዲያውም ከዚህ የበለጠ አዲስና ትልቅ ማሽን ያለው ቤት ሄጄ ሥራዬ ተበላሽቶ ተመልሻለሁ።

ያኛውን ልጀምርበት፤ የጎፋውን ቤት ዋጋ ያስተማረኝ እሱ ነውና። ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ቢሮ የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ ሠርቼ ነበር። መደርደሪያዎቹ ያለ ብሎን ጥርስ ለጥርስ እንዲነካከሱ አድርጌ ነው የሣልኩት። ኮምፐንሳቶው 18 ሚሊ ስለተባለ የሰነጠቆቹንም ስፋት 18 አደረግኩ፤ ፋይሉን ላክሁ፤ ቤቱም እንዳለ ቆረጠው። እንጨቱ ግን ከ17.2 አያልፍም ነበር። ስንገጣጥመው ባንኮኒው በእጅ ሲነኩት ይወዛወዛል። አናጺያችን በየሰነጠቁ ስስ ልጣጭ እየወተፈ በኮላ ሲያጣብቅ ሁለት ቀን ፈጀ። ቤቱን ስጠይቅ «ፋይሉ ላይ ያለውን ነው የቆረጥነው» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። እንጨቱን ሳልለካ መሣሌ የእኔ ጥፋት ነበር። ግን ያን ኮምፐንሳቶ በእጁ ያነሣ፣ አልጋው ላይ ያሠረ፣ ቢቱ፣ ማለትም የሚዞረው መቁረጫ፣ ስንት እንደሚወርድ የሞላ ሰው ነበር። ያ ሰው ቁጥሩን ሳያውቅ አልቀረም፤ እንዲናገር የጠየቀው ግን የለም።

ኮምፐንሳቶ እንደ ኤምዲኤፍ፣ ተፈጭቶ እንደተጨመቀው የእንጨት ቦርድ፣ አይደለም። ኤምዲኤፍ በውፍረቱ ብዙ ጊዜ ይታመናል። ኮምፐንሳቶ ግን ልጣጭ በልጣጭ ላይ ተጣብቆ፣ ተጨምቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ስለሚወጣ ከጭነት ጭነት ይለያያል፤ አንዳንዴም የአንዱ ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ ይለያል። እርጥበትም ያሳብጠዋል። በር ለሚሠራ ሰው ግማሽ ሚሊ ምንም አይደለችም። መጋጠሚያው ብቻውን ለሚሸከምበት ሥራ ግን ሁሉ ነገር እሷ ናት።

ወደ ጎፋ የወሰደኝ የአንድ ቡና ቤት ኮርኒስ ነው። ባለቤቷ ወለሉን በቴራዞ፣ ፊቱን በመስታወት አሠርታ ጨርሳለች፤ ሰው ሲሞላ የሲኒው ኳኳታ ተደማምሮ ማን ምን እንዳለ አይሰማም። ስለዚህ ያቀረብኩላት ኮርኒስ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ማማርና ድምፁን መስበር። 46 የኮምፐንሳቶ ጎድኖች በየ20 ሳንቲም ይደረደራሉ፤ 9 ረጃጅም ደግሞ በአግድም ያቋርጧቸዋል፤ ልክ በቢራ ሣጥን ውስጥ ጠርሙሶቹን እንደሚለያዩት ክፍልፋዮች። የሁሉም ከንፈር፣ ማለትም የታችኛው ጠርዝ፣ አንድ አይደለም። ግድግዳው ጋ 15 ሳንቲም፣ መሃል ላይ እስከ 42 ሳንቲም ይወርዳሉ። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ የሠርግ ድንኳን ዝናብ ሲቋጥር ወደ ታች እንደሚረግበው ያለ ቅርጽ ነው። ከበላዩ ሮክዉል የሚባለው ድምፅ የሚውጥ ንጣፍ ተነጥፎበታል፤ እንጨቱ እሳት በሚያዘገይ ቫርኒሽ ተቀብቷል።

46ቱ ጎድኖች እያንዳንዳቸው ይለያያሉ። አንድ ጎድን 5 ሜትር ገደማ ስለሆነ በሦስት ይከፈላል፤ ረጃጅሞቹ 9 ሜትር ስለሆኑ በአራት። ተደምሮ 174 ቁራጭ ይሆናል፤ ሁለት አንድ ዓይነት ቁራጭ የለም። ጎድኖቹ የሚቋረጡበት ቦታ ደግሞ 414 ነው። ይህን በእጅ ልሣል ቢባል ወር አይበቃም፤ አንዱ ቁጥር ሲለወጥም ሁሉም እንደ አዲስ ይሣላል።

ለዚህ ነው ራይኖ በሚባለው የሥዕል ሶፍትዌር ላይ ግራስሆፐር የሚባለውን መሣሪያ የምጠቀመው። በግራስሆፐር መስመሩን አይሥሉትም፤ መስመሩ የሚወለድበትን ሕግ ይጽፉታል እንጂ። «ጎድኖቹ በዚህን ያህል ይራራቁ፣ ከንፈራቸው ይህን ቅርጽ ይከተል፣ ሲቋረጡ የሰነጠቁ ስፋት የእንጨቱን ውፍረት ያህል ሲደመር 0.2 ይሁን» ይሉታል። ውፍረቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነው። «11.3» የሚለው መልእክት ሲደርሰኝ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ቤት ገብቼ 12 የነበረውን ቁጥር ወደ 11.3 ለወጥኩት፤ 414ቱም መጋጠሚያ ዓይኔ እያየ ጠበበ። ፋይሉን መልሼ ለመላክ ቡና እስኪፈላ ያህል አልፈጀብኝም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ስለ ዲጂታል ዲዛይን ሲወራ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ስለ ቅርጹ ነው፤ ጠመዝማዛው፣ ሞገዱ፣ ፎቶው። እኔ ግን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ከወርክሾፑ ወለል የተለካ ቁጥር ወደ ሥዕሉ ተመልሶ መግባት መቻሉ። ድሮ ሥዕል ከቢሮ ወጥቶ ወደ አናጺ ይወርድ ነበር፤ አናጺው ያልገጠመውን በመሮ እያስገጠመ የአርክቴክቱን ስሕተት ይሸፍን ነበር። አሁን ሥዕሉ ራሱ ሊታረም ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ቁጥሩን የሚልክ ሰው ካለ ብቻ ነው። ከተማችን ውስጥ ማሽኑ ሞልቷል፤ ሶፍትዌሩን የሚችል ወጣትም ሞልቷል። የጎደለው ይህ መልስ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅም ደስ ይለኛል። በቁጥር የሚታዘዝ መቁረጫ የተወለደው ለቤት ሥራ አልነበረም። አሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ የሄሊኮፕተር ክንፍ ይሠራ ነበር፤ ጠማማውን ክንፍ በትክክል ለማውጣት ነጥቦቹን በቁጥር ማስላት ጀመረ። ከዚያ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤምአይቲ፣ በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ ፍሬዛ እ.ኤ.አ. በ1952 ለሕዝብ አሳየ። አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪም ስፔን ቢልባኦ ያለውን የጉገንሃይም ሙዚየም ሲሠራ ቢሮው የተጠቀመበት ካቲያ የተባለው ሶፍትዌር ከፈረንሳዩ የአውሮፕላን ሠሪ ከዳሶ የመጣ ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት ሰው ያየው የሚያብለጨልጨውን የታይታኒየም ልብስ ነው፤ ከልብሱ ጀርባ ያለው ታሪክ ግን የአርክቴክቱ ሥዕልና የቆራጩ ሥዕል አንድ ፋይል መሆናቸው ነው። የጎፋው ቤትና የቢልባኦው ሙዚየም በገንዘብ አይወዳደሩም። በዚህ አንድ ነገር ግን ዘመዳሞች ናቸው፤ እኔ የምሥለው መስመር ቢቱ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ መሃል ላይ እንደገና የሚተረጉም ሰው የለም። ስሕተቴንም የሚሰውርልኝ የለም።

ለዚህ ነው ኦፕሬተሩ የሚያስፈልገው። የጎፋው ልጅ ቴክኒክና ሙያ የተማረ፣ ዕድሜው ከ25 የማይበልጥ፣ ቃል የማያበዛ ነው። ፋይሌን የከፈተ ዕለት «ኢንጂነር፣ ጥጎቹን አየሻቸው?» አለኝ። አላየኋቸውም ነበር። የሚዞር ቢት ክብ ነው፤ 6 ሚሊ ቢት በእያንዳንዱ የውስጥ ጥግ ላይ የ3 ሚሊ ክበት ይተዋል። ቀጥ ያለ ጥግ ያለው እንጨት ደግሞ ወደዚያ ክብ ጥግ አይገባም፤ አፉ ላይ ይቆማል። መፍትሔው በየጥጉ ትንሽ ክብ ጆሮ ማስቆረጥ ነው። ልጁ ጆሮዎቹ በየት በኩል ቢወጡ ከታች እንደማይታዩ አሳየኝና ሕጉን ግራስሆፐሩ ላይ ጨመርኩት። ከዚያ «ብሎን የት ልምታ?» አለኝ። ማሽናቸው በአየር የሚስብ አልጋ ስለሌለው ኮምፐንሳቶው በብሎን ይታሠራል፤ ቢቱ ብሎን ከመታ ይሰበራል። ስለዚህ በየኮምፐንሳቶው ላይ የብሎን ቦታ ምልክት አድርጌ ላክሁ። ሌሎች ቤቶች ይህን እንደመጣላቸው ይመቱታል፤ አንዳንዴ መሃል ፊቱ ላይ ቀዳዳ ይዞ ይመጣል።

አቀማመጡንም እሱ ነው ያሻሻለው። እኔ 174ቱን ቁራጭ በ41 ኮምፐንሳቶ ደልድዬ ነበር። እሱ ጠማማውን ከንፈር በጠማማው ሆድ እያስገባ በ36 አወጣው። አምስት ኮምፐንሳቶ ማለት፣ ብር ከተንሳፈፈበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ እንጨት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ያተረፈውን እንጨት ለራሱ ማስቀረት ይችል ነበር። ደውሎ «አምስት ይተርፍሻል፣ ለነጋዴው መልሽው» አለኝ።

የመቁረጡን ቀን ሄጄ አየሁ። መጀመሪያ ሥራውን አልጀመሩም። ከትርፍ ቁራጭ ላይ ሰባት ሰነጠቅ ቆረጡ፤ ከ11.2 ጀምሮ በየ0.1 እየሰፋ እስከ 11.8። ከዚያ ከራሱ ከጭነቱ የተወሰደ እንጨት በእያንዳንዱ እያስገቡ ሞከሩ። 11.2 አልገባም አለ። 11.4 በመዶሻ ይገባል፤ ግን 414 ጊዜ ጣሪያ ሥር ቆሞ መዶሻ ማንሣት አይቻልም። 11.5 በመዳፍ ተገፍቶ ገባ፤ ሲለቁት ቆመ። እኔ በስሌት ያስቀመጥኩትም 11.5 ነበር፤ ቢሆንም በእጄ እስክዳስሰው አላመንኩም። ባለቤቱ ጋሼ ቁራጩን ተቀብለው ወደ ጆሯቸው አስጠጉትና አወዛወዙት። «አይጮኽም» አሉ። የሚንቀሳቀስ መጋጠሚያ ድምፅ አለው ማለታቸው ነው። ያ ቁራጭ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ቢቱም ተራ ቢት አይደለም። ተራው ቢት ሰጋቱራውን ወደ ላይ ሲጠርግ የኮምፐንሳቶውን የላይ ልጣጭ አብሮ ያነሣዋል፤ ጠርዙ ብል እንደበላው ብርድ ልብስ ይሆናል። እነሱ የሚጠቀሙበት ከታች ያለው ጥርሱ ወደ ላይ፣ ከላይ ያለው ወደ ታች ስለሚገፋ ልጣጩን ከሁለቱም በኩል ወደ መሃል ይጫነዋል። ውድ ነው፤ ቶሎም ይደነዝዛል። ጠርዙ ግን በብርጭቆ ወረቀት አንዴ ብቻ ተነክቶ ለቫርኒሽ ደረሰ። ጠርዝ በሚታይበት ሥራ ላይ ይህ ልዩነት የሥራው ግማሽ ነው።

በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ጀነሬተር አላቸው፤ እስኪነሣ ግን ማሽኑ ቦታውን ይስታል። ሲመለስ ካቆመበት እንዲቀጥል ያደረጉት በጥንቃቄ ነው፤ ቢሆንም 31ኛው ጎድን ከንፈሩ ላይ አንድ ሚሊ የማትሞላ ደረጃ ወጣበት። ከታች ሦስት ሜትር ርቆ የሚያይ ሰው አያያትም። እኔም ልለፈው አልኩ። ልጁ ግን ከራሳቸው ኮምፐንሳቶ አውጥቶ እንደገና ቆረጠው፤ ሒሳብም አልጠየቀኝም። «ብርሃን ከጎን ሲመጣ ትታያለች» አለ። ቡና ቤቱ በምዕራብ በኩል መስታወት እንዳለው ከሥዕሉ ላይ አይቶ ነበር።

እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥሩ ጀርባው ላይ በማሽን ተጽፎበታል። «17 ሀ»፣ «17 ለ»፣ «17 ሐ»። በፊደላችን ቁጥር መጻፉን የለመንኩት እኔ ነኝ፤ የሚገጣጥሙት ልጆች እንዳይሳሳቱ ብዬ። አራት ሰው በአራት ቀን ሰቀለው። ከ414ቱ መጋጠሚያ የጎማ መዶሻ ያነሣነው ለዘጠኙ ብቻ ነው፤ እነሱም እርጥበት ከነካው አንድ ኮምፐንሳቶ የወጡ ነበሩ። የመጨረሻው ጎድን ገብቶ መሰላሉ ሲነሣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሁለተኛው ሥራዬ ከዚህ ይለያል፤ ይህ ቤት ማሽኑ የት ላይ እንደሚያበቃ እንደሚያውቅ ያየሁበትም እሱ ነው። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ለስምንት መስኮቶች የእንጨት ፍርግርግ ፈልጎ ነበር። ላሊበላ ሄጄ ከዚያ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በተሻገርኩ ጊዜ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ነበሩኝ። በዋሻ ውስጥ ያለው፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸው ያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተደረበ ነው፤ መስኮቶቹም ፍርግርግ አላቸው። እሱን ልቅዳ አላልኩም፤ መጠኑን፣ የክፍተቱንና የእንጨቱን ሚዛን ነው የተማርኩበት። በእያንዳንዱ መስኮት 35 የመስቀል ቀዳዳ አደረግኩ።

እንጨቱ ከፈረሰው ከአሮጌው አዳራሽ የወጣ ዋንዛ ነው። ሌላ ቤት አሮጌ እንጨት አልቀበልም ብሎኝ ነበር፤ ሚስማር ይኖርበታል ብለው። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ጋሼ ግን እያንዳንዱን ሳንቃ በማግኔት ዳስሰው፣ ያገኙትን ሚስማር በጉጠት ነቅለው፣ ያልወጣውን በጠመኔ ከበቡት። ልጁ የሥዕሌን አቀማመጥ ከጠመኔው ክብ እያሸሸ አስተካከለ።

አንድ መስቀል 12 ጥግ አለው። ማሽኑ አራቱን፣ እጆቹ የሚገናኙባቸውን፣ ሹል አድርጎ ያወጣቸዋል፤ የእጆቹ ጫፍ ላይ ያሉትን ስምንቱን ግን በቢቱ ልክ ያከባቸዋል። ኮርኒሱ ላይ የተጠቀምንበትን ጆሮ እዚህ ማድረግ አይቻልም፤ መስቀሉን ያበላሸዋል። ክቡን ትቶ ማስረከብ ይቻል ነበር፤ ከተማው ውስጥ በኤምዲኤፍ የሚሠራው ጌጥ ሁሉ ጥጉ እንደዚያ ነው፤ ለዚህም ነው ከሩቅ ሲታይ ለስለስ ብሎ የደከመ የሚመስለው። ጋሼ ወጣት ሳሉ አናጺ ነበሩ። መሯቸውን ስለው 280ውን መስቀል፣ ማለትም 2240 ጥግ፣ በእጃቸው ሹል አደረጉት። ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። ለዚህ የጠየቁት ዋጋ ተገቢ ነበር፤ ኮሚቴውም ሳያንገራግር ከፈለ። አሁን ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ወለሉ ላይ የሚወድቀው መስቀል ጥጉ እንደ ምላጭ የተሳለ ነው።

ይህን ሳይ ልደታ ግቢ አርክቴክቸር የተማርኩበት ዘመን ትዝ አለኝ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ እዚያው ግቢያችን ውስጥ፣ ኢንስቲትዩታችን ከስዊዘርላንዱ ዩኒቨርሲቲ ከኢቲኤች ዙሪክ ጋር ሆኖ ባለ ሁለት ፎቅ የአፈር ቤት ሠርቶ ነበር። ጣራው ስስ ንጣፍ እየተደራረበ የተገነባ ቅስት ነው። የቅስቱን መልክ የሚወስነው ክብደቱ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ነው፤ የገነቡት ግን እጆች ናቸው። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ሥሩ ቆሜ ሳንጋጥጥ፣ ስሌት ማለት ውድ ዕቃ ማለት እንዳልሆነ ገባኝ። ከግቢያችን ሳይርቅ ደግሞ ልደታ መርካቶ የተባለው የገበያ ሕንፃ አለ። የባርሴሎናው አርክቴክት ሻቪዬር ቪላልታ ፊቱን ሁሉ በመስታወት ከመሸፈን ይልቅ በተበሳሳ የኮንክሪት ልብስ አለበሰው፤ ጥለቱም ከባህል ልብሳችን ጥልፍ የተነሣ፣ ትልቁ ቅርጽ በትንሹ ውስጥ የሚደጋገምበት ነው። ብርሃንና አየር ያስገባል፤ ፀሐዩን ይከለክላል። በመስታወት የታሸጉ ሕንፃዎች ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያጣውም። ለእኔ እነዚህ ሁለቱ ሥራዎች ኮምፒውተር ለዚህ አገር ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩኛል፤ የእጅ ሙያን ሳያባርር፣ ያለንን አፈርና እንጨት ይዞ። ብዙዎቹ የሲኤንሲ ቤቶቻችን ግን የሚውሉት አሉኮቦንድ ሲሰነጥቁና የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ አበባ ሲቀርጹ ነው። ሥራው ክቡር ነው፤ እንጀራ ነው። ግን አቅማቸው ከዚያ በላይ ነው፤ ይህን ይዞላቸው መሄድ ያለብን እኛ አርክቴክቶች ነን።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ስልክ አያነሡም፤ ማሽኑ ሲሠራ አይሰሙትም፤ ማታ መልእክት መላክ ይሻላል። ወረፋው ሁለት ሳምንት፣ ከትልልቅ በዓላት በፊት ደግሞ ወር ይደርሳል። የሰጋቱራ መሳቢያቸው ደካማ ስለሆነ ግቢው ውስጥ አቧራው ከባድ ነው፤ ልጆቹ ጭምብል አድርገው ነው የሚሠሩት፤ እናንተም ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ለጋሼ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ የሰው ሳንባ ነውና ቸል የሚባል አይደለም። አስተሻሸጋቸውም ገና ነው። የኮርኒሱ ሁለት ቁራጮች አይሱዙው ላይ ሲተሻሹ ፊታቸው ተጭሯል፤ ከዚያ ወዲህ በየመሃሉ የምነጥፈውን ካርቶን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። ባለ አምስት አቅጣጫ ማሽን የሚፈልግ ቅርጽ፣ ለምሳሌ ከሥሩ የተቦረቦረ ነገር፣ አይሠሩም፤ «አንችልም» ብለው በግልጽ ይመልሳሉ። ጠንካራ ድንጋይና ብረትም አይነኩም።

ዋጋቸው ሌሎች ካሉኝ በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ሌላው ቤት በኮምፐንሳቶ ቁጥር ነው የሚያስከፍለው፤ እነሱ ማሽኑ በሠራበት ሰዓት። ይህ መጀመሪያ ያስፈራል። ልምዴ ግን ተቃራኒውን ነው የሚነግረኝ፤ በኮምፐንሳቶ የሚያስከፍል ሰው ቶሎ መጨረስ ነው የሚጠቅመው፣ ቢቱን ይገፋዋል፣ ጠርዙ ይሸራረፋል። የኮርኒሱን ሒሳብ ሳሰላው ካተረፉልኝ አምስት ኮምፐንሳቶና አናጺ ሁለት ቀን ልጣጭ ከመወተፍ ከዳነበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነበር። ግማሽ ቀብድ ይቀበላሉ፤ ደረሰኝ ይቆርጣሉ።

ወደ እንዲህ ያለ ቤት የምትሄዱ ከሆነ እንጨቱን አስቀድማችሁ ግዙና ላኩ፤ ፋይሉን በኋላ። ሁሉም ከአንድ ጭነት ይሁን። ፋይሉ ዲኤክስኤፍ በሚባለው የሥዕል ፋይል ዓይነት ይሁን፤ መስመሮቹ የተዘጉ፣ በላያቸው ድርብ መስመር የሌለባቸው። ድርብ መስመር ካለ ማሽኑ በአንድ ቦታ ሁለቴ ይሄዳል። የሚያልፈውን፣ ግማሽ የሚወርደውንና የሚጻፈውን በየቀለሙ ለዩት። ቤቱ እንጨቱን ለክቶ ካልነገራችሁ ካሊፐር ይዛችሁ ሄዳችሁ ራሳችሁ ለኩ፤ በአራቱም ጥግ። ትርፍ ቁራጭ ላይ ሙከራ ይቆረጥልኝ በሉ፤ ለዚያ የሚጠየቀውን ክፈሉ።

አሁን እዚያ ያለኝ ለአንድ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የሚሆን መደርደሪያ ነው፤ ልጆቹ ውስጡ ገብተው የሚቀመጡበት፣ ከ15 ሚሊ ኮምፐንሳቶ። እንጨቱ ትናንት ደርሷል። ዛሬ ማታ መልእክት ገባ፤ «14.4፣ አንዱ ግን 14.7 ነው፤ ለብቻው አስቀመጥኩት»። ያንን አንዱን መጋጠሚያ ለሌለው ለጀርባው አደርገዋለሁ፤ ሌላውን በ14.4 አስተካክዬ ፋይሉን ነገ ጠዋት እልካለሁ። ሐሙስ ይቆረጣል።